ተጫዋቹ ጌሙን የተወው ገብቶት ነው ወይስ ሳይገባው?

ጥያቄ፦ «ጎዶት በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የሠራሁት የሞባይል ጌም አለኝ። ተጫዋቹ ቅርጻቸው የተለያየ ዕቃዎችን አይሱዙ ላይ ይጭናል፤ የጭነቱ ቦታ 4 በ6 ቤት ነው። 60 ሌቭል አለው። የሞከሩት ሰዎች ሁሉ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሌቭል ተመስጠው ይጫወቱና ይተዉታል። ለምን ስላቸው ‹ደበረኝ› ይላሉ። የኋለኞቹን ሌቭሎች አከበድኳቸው፤ ሳንቲምና የየቀኑ ሽልማትም ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ራፍ ኮስተር የሚባል ዲዛይነር ‹ደስታው ያለው መማሩ ላይ ነው› ይላል ሲባል ሰማሁ። የእኔ ጌም ትምህርታዊ አይደለም፤ ታዲያ ይህ ሐሳብ ምን ይጠቅመኛል? ሰውዬውስ በምን መንገድ እዚያ ደረሰ?»

ምላሽ፦

ከመልሳቸው ልጀምር። «ደበረኝ» ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ አፍ የሚናገር ቃል ነው። አንዱ ሰው ጌሙ ስለገባው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ስላወቀው ይደብረዋል። ሌላው ጌሙ ስላልገባው፣ ምን ቢያደርግ እንደሚያልፍ ስላልታየው ይደብረዋል። የመጀመሪያው አዲስ ነገር ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ያለው ነገር እንዲገለጥለት ይፈልጋል። እርስዎ ሁለቱን ሳይለዩ ሌቭሎቹን አከበዱ። የገባው ሰው ያንኑ ሥራ በብዛት ተጨመረለት፤ ያልገባውም ይብሱን ጠፋበት። የኮስተር ሐሳብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋች ጥሎ ሲወጣ «ምን ተምሮ ጨረሰ? ወይስ ምኑን መማር አቃተው?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችላል።

ኮስተር «መማር» ሲል ደብተርና ሰሌዳ ማለቱ አይደለም። አእምሯችን በሄደበት ሁሉ ተደጋጋሚ መልክ፣ ፓተርን፣ ይፈልጋል። ሲያገኘው ይደሰታል፤ ደጋግሞ ሲሠራበት ልማድ ያደርገውና ከዚያ ወዲያ ልብ ብሎ አያየውም። መንዳት የጀመረ ሰው በፍሪሲዮንና በማርሽ የነበረበት ጭንቀት ከዓመት በኋላ የት እንደገባ አያውቀውም፤ እንደዚያ ነው። ጌም ለዚህ የአእምሮ ረሃብ ተመጥኖ የቀረበ ምግብ ነው። ለዛው ያለው መላውን፣ ብልሃቱን፣ ፍለጋ ላይ ነው፤ መላው ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ለዛውም አብሮ ይሟጠጣል። ስለዚህ በዚህ ሐሳብ መሠረት ማንኛውም ጌም አንድ ቀን መሰልቸቱ አይቀርም። የዲዛይነሩ ሥራ ያ ቀን መቼና ከምን በኋላ እንደሚመጣ መወሰን ነው።

በዘጠኝ ቤት ላይ ኤክስና ዜሮ እየጻፉ ሦስት የመደርደሩን ጨዋታ ይውሰዱ። ጀማሪው ዘጠኝ ምርጫ ያለው ይመስለዋል፤ ገበታውን ቢያዞሩት ግን የመክፈቻ ምርጫው ሦስት ብቻ ነው፦ መሃል፣ ጥግ እና የጎን መካከል። እያዞሩና እያገላበጡ አንድ ዓይነት የሆኑትን ሲያዋህዱ፣ በጨዋታው ሊታዩ የሚችሉት የገበታ መልኮች በሙሉ 765 ናቸው። ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ከተቀመጡበት ሁልጊዜ እኩል ይወጣሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን አያውቅም። አንድ ቀን በሁለት በኩል በአንዴ የሚያስፈራራ ወጥመድ ያገኛል፤ ያን ሰሞን ወረቀት አይበቃውም። ትንሽ ቆይቶ ወጥመዱን አስቀድሞ መዝጋት ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ አጫውቱኝ አይልም። ጨዋታውን ጨርሶታል።

ገበጣን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ጀማሪ ደስ ካለው ጉድጓድ ያነሳል። የለመደ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ቆጥሮ ያነሳል። የበሰለው ደግሞ ከዚያች ጠጠር በኋላ ዙሩ እንዴት እንደሚቀጥልና ለባላጋራው ምን እንደሚተርፍ አይቶ ያነሳል። ደንቡ ለሦስቱም ያው ነው። አንዱ መላ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላው ብቅ የሚልበት አሠራር ማለት ይህ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጫጫታ አለ። መልክ ያልተገኘለት ነገር ለአእምሮ ጫጫታ ብቻ ነው፤ ቼዝ ለማያውቅ ሰው የባለሙያዎች ግጥሚያ እንደማለት። ሥነ ልቦና አጥኚው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ስለ ተመስጦ የጻፈውም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ችሎታና ፈተና ሲመጣጠኑ ሰው ጊዜውን ይረሳል ይላል። እኔ ግን ለዲዛይነር የኮስተርን አነጋገር እመርጣለሁ። «ፈተናውን አመጣጥን» የሚለው ምክር ቁጥር ወደ መጨመርና መቀነስ ይወስዳል፤ እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ምን እያስተማርክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ደንቡ ይወስዳል።

ሰውዬው እዚህ የደረሰው በጠረጴዛ ላይ በማሰላሰል ብቻ ስላልሆነ መንገዱን ባጭሩ ማየት ይጠቅማል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኮስተር የኮምፒውተር ምሩቅ አይደለም፤ ሁለተኛ ዲግሪው በግጥም ጽሑፍ ነው፣ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ። ከባለቤቱ ከክሪስተን ጋር ሌጀንድመድ በተባለ፣ ሥዕል የሌለው በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት የብዙ ሰው ዓለም ላይ ሠራ። በ1995 በዚያ ሥራው ኦሪጅን የተባለው የኦስቲን፣ ቴክሳስ የጌም ኩባንያ ቀጠረው፤ በመስከረም 1997 የወጣው፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወትበት የአልቲማ ኦንላይን ዋና ዲዛይነር ሆነ።

አልቲማ ላይ የታሰበው ሥነ ምህዳር እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ሣር የሚበላ እንስሳ ሣር ይፈልጋል፣ አዳኙ እንስሳውን ይፈልጋል፤ አዳኙ የሚበላው ሲያጣ ወደ ሰው ሰፈር ይመጣል። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነበር። ጌሙ ለሰው ሲከፈት ግን ሁለት ነገር ገጠመው። እያንዳንዱ እንስሳ በዙሪያው ምግብ ሲፈልግ ሰርቨሩ ላይ የሚጥለው ሸክም ከባድ ሆነ፤ ተጫዋቾቹም የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ከመራባቱ በፊት ገደሉት። የተራበው ተኩላ ለምን እንደመጣ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ተኩላ መጣ፣ ተገደለ፣ አለቀ። ሥርዓቱ ተዘጋ። ኢኮኖሚውም ያው ዕጣ ደረሰው። በዓለሙ ውስጥ ያለው የብረትና የሥጋ መጠን የተወሰነ ሆኖ ከእንስሳ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ መሬት እንዲዞር ታስቦ ነበር። ሰዉ ግን ዕቃውን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አከማቸው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ችሎታቸውን ለማሳደግ ሲሉ ብቻ ሸሚዝ ቆለሉ። ዓለሙ አዲስ እንስሳ የሚፈጥርበት ጥሬ ዕቃ አጣ። በመጨረሻም አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ ከምንጭ እየገባ በቀዳዳ ወደሚፈስበት ተራ አሠራር ተለወጠ።

ከዚህ የሚወሰደው ለእርስዎም ይሠራል፦ ተጫዋቹ ሊያየው ያልቻለው ሥርዓት ለተጫዋቹ የለም። የቱንም ያህል ጥልቅ ደንብ ቢጽፉ፣ ውጤቱ በስክሪኑ ላይ ምክንያቱን ይዞ ካልታየ መማር የለም።

ንድፈ ሐሳቡን በንግግር ያቀረበው በ2003 ነው፤ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ2004። አያቱ በሥራህ ትኮራለህ ወይ ብለው ጠይቀውት እንደነበር በመግቢያው ላይ ያነሳዋል። መጽሐፉ የዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ቢባል ያስኬዳል። በዚያው በ2003 የፈጠራ ዳይሬክተር ሆኖ የመራው ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የተባለ የብዙ ሰው ጌም ወጣ። ወደ እሱ በሳንቲምዎ ጉዳይ ስመጣ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አይሱዙዎ። የነገሩኝ ደንብ ቅርጽና ቦታ ብቻ ነው። እንደዚህ ባለ ጌም ውስጥ ያሉት መላዎች ሦስት ያህል ናቸው፦ ትልቁን አስቀድም፤ ከጥግ ጀምር፤ ጎዶሎ ቅርጽ ያላቸውን እርስ በርስ አጣምር። አሥራ ሁለት ሌቭል ሦስቱን ለማስያዝ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት 48 ሌቭሎች ልምምድ ናቸው። ግምቴ ሰዎችዎ ገብቷቸው ነው የወጡት የሚል ነው፤ ምክንያቱም ሌቭሎቹን ካከበዱ በኋላም የሚያቆሙበት ቦታ አልተነቃነቀም። ያቆማቸው የክብደት ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ሲከብድ ቀደም ብለው ባቆሙ ነበር። ሆኖም በግምት አይሥሩ፤ መዝገብ ያስቀምጡ።

ጌሙ ስድስት ነገሮችን ከነሰዓታቸው እንዲጽፍ ያድርጉ፦ ሌቭል ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ዕቃ ሲነካ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ሲቀመጥ፣ ወደ ኋላ መመለሻው ሲጫን፣ ሌቭሉ ሲያልፍ ወይም ሲወድቅ፣ እና ጌሙ ከስክሪኑ ሲጠፋ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት መዝገቡን ጌሙ ሲዘጋ ብቻ መጻፍ ነው። ተጫዋቹ በጣቱ ገፍቶ ሲዘጋው አንድሮይድ መተግበሪያውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊገድለው ይችላል፤ ያኔ በጣም የሚፈልጉት የመጨረሻው መስመር ይጠፋል። እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ፋይል ላይ ያሳርፉት።

ሲያነቡት እንዲህ ይለያል። ገብቶት የሚወጣ ሰው አዲስ ሌቭል ሲከፈት በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ዕቃ ያነሳል፤ ወደ ኋላ መመለሻውን እምብዛም አይነካም፤ በመጀመሪያ ሙከራው ያልፋል፤ የሚወጣውም ካሸነፈ በኋላ ነው። አሸንፎ መውጣት ትልቁ ምልክት ነው። ሳይገባው የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ረጅም ዝምታ አለው፤ ከዚያ ዕቃዎቹን በፍጥነት እዚህም እዚያም ያስቀምጣል፤ አንዱን የተሳሳተ አቀማመጥ ሦስት አራት ጊዜ ይደግማል፤ የሚወጣውም ከመሃል ወይም ከወደቀ በኋላ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ መውጣቱ ምንም አይደለም፤ ስልክ ተደውሎለት ይሆናል።

ቀጥሎ ወረቀት ይዘው ለ60ዎቹ ሌቭሎች አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህ ሌቭል የሚያስተምረው...»። «ከበፊቱ ይበልጥ ከባድ ነው» ዓረፍተ ነገር አይደለም። የሁለት ሌቭል ዓረፍተ ነገር አንድ ከሆነ ሁለተኛው ልምምድ ነው። ለአንድ መላ ሁለት ወይም ሦስት ልምምድ ጥሩ ነው፤ አሥር ግን ቅጣት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 60 ሌቭል የነበረው ጌም በዚህ ወረቀት ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ትምህርት ሆኖ ይገኛል። እሱም መጥፎ አይደለም፤ 20 ጥሩ ሌቭል ሊወጣው ይችላል።

ትምህርት ሲያልቅ የሚጨመረው ምንድን ነው? አሮጌውን መላ የሚያፈርስ ደንብ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይስታል፤ አዲስ ቅርጽ፣ አዲስ ቀለም፣ ፈጣን ሰዓት ይጨምራል። ሰዓት ማሳጠር የጣት ፍጥነትን እንጂ ሐሳብን አያስተምርም፤ አስቦ መጫወት የሚወደውን ሰው ያባርረዋል። ለአይሱዙ የሚስማማውን ደንብ ጭነት ጫኚ ሁሉ ያውቀዋል፦ መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫናል።

13ኛው ሌቭል እንዲህ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደሴ። የጭነቱ ቦታ ስፋቱ 4፣ ርዝመቱ 6 ቤት፤ በሩ ከኋላ ብቻ ነው፣ ዕቃም የሚወጣው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው። ዕቃዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ የመኪናውን ሙሉ ስፋት የሚይዝ፣ 4 በ2 የሆነ ሶፋ፣ የሚወርደው ደብረ ብርሃን፤ እና እያንዳንዳቸው 2 በ2 የሆኑ ሁለት በርሜሎች፣ የሚወርዱት ደሴ። ከ24ቱ ቤት 16ቱ ይያዛል፣ 8ቱ ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ቦታ ችግር አይደለም። ማሽከርከሪያው በዚህ ሌቭል ላይ ይዘጋ።

ተጫዋቹ በለመደው መላ «ትልቁን አስቀድም» ብሎ ሶፋውን ከጋቢናው ሥር ያስቀምጣል፣ በርሜሎቹን ከኋላው። ሁሉም ገባ። መኪናው ይነሳል። ደብረ ብርሃን ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሶፋው ሊወጣ ሲል በርሜሎቹን ይገጫል፤ በርሜሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጽሑፍ አያስፈልግም። «ተሳስተሃል» የሚል ቀይ መስኮት ካወጡ ትምህርቱን ይሰርቁታል፤ ሶፋው በርሜል ሲገጭ ያየ ሰው በሚቀጥለው ሙከራ በርሜሎቹን ያስቀድማል። መኪናው እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ አይብለጥ፤ ከወደቀ በኋላም ዕቃዎቹ ባሉበት ይቆዩለት። ሁሉን ከባዶ ማስጀመር የስህተት ዋጋ ሳይሆን የጉልበት ሥራ ነው።

14ኛውን ያንኑ መላ በአምስት ዕቃ ያለማምዱበት። 15ኛው ላይ ማሽከርከሪያውን ይክፈቱት። አሁን ሶፋው ዞሮ 2 በ4 ሲሆን በግራ በኩል ሌይን ይዞ ይቀመጣል፤ በርሜሎቹ በቀኙ ሌይን ይገባሉ፤ ማንም ማንንም አይዘጋም። ተጫዋቹ ቅደም ተከተልን በቅርጽ ማለፍ እንደሚቻል ራሱ ያገኛል፤ ይህ ከ13ኛው በታች የተደበቀው ሁለተኛ መላ ነው። 16ኛው ላይ ሌይኑ ብቻውን የማይበቃበት ጭነት ይስጡት፤ 17ኛው ላይ ወልዲያን ሦስተኛ ማራገፊያ አድርገው ይጨምሩ። ሦስት ማቆሚያ ሲሆን ሁለቱ መላዎች እርስ በርስ መጋጨት ይጀምራሉ፤ ጌምዎ እውነተኛ ጌም የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። የሚሰባበር ዕቃ፣ የክብደት ሚዛን የመሳሰሉትን ለጊዜው ይርሷቸው። ሁለት አዲስ ደንብ በአንድ ሌቭል ላይ ካስገቡ የወደቀው ሰው በየትኛው እንደወደቀ አያውቅም፤ ጫጫታ የሚባለውም ይኸው ነው።

የሚሞክሩልዎት ጌሙን ከዚህ በፊት ያላዩ አምስት ሰዎች ይሁኑ። የመጀመሪያዎቹ ጓደኞችዎ ለዚህ ከእንግዲህ አያገለግሉም፤ አንድን መላ ሁለቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መማር አይቻልም። ስልኩን ይስጧቸው፣ 20 ደቂቃ ዝም ብለው ከጎን ይቀመጡ። ዝምታው ከባድ ነው፤ ተጫዋቹ ሲቸገር አፍዎ ይበላዎታል። አንድ ቃል ከተነፈሱ ግን የዚያ ሰው ውጤት ተበላሸ። ሲጨርስ «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁ፤ በእኛ አገር በይሉኝታ የተነሳ ሰው ፊት ለፊት አልወደድኩትም አይልም። ይልቅ «ታናሽ ወንድምህ ይህን ሌቭል እንዲያልፍ ምን ብለህ ትመክረዋለህ?» ይበሉ። «የሚቀድመውን በር ላይ አድርግ» ካለ ተምሯል። «እኔ እንጃ፣ ዝም ብዬ ስሞክር አለፈ» ካለ ሌቭሉ ታልፏል እንጂ አልተማረበትም፤ ሁለት ሌቭል ቆይቶ ይጠፋል።

የእጅ መለኪያ ላስቀምጥልዎ፤ ሕግ አይደለም። በአንድ አስተማሪ ሌቭል ላይ አምስቱም በመጀመሪያ ሙከራ ካለፉ እዚያ ትምህርት አልነበረም። ሦስቱ ከአራት ሙከራ በላይ ከቆዩ ትምህርቱ አይታይም ማለት ነው፤ ዕቃ ይቀንሱ እንጂ ማብራሪያ አይጨምሩ። ቁጥር ሲያስተካክሉ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ አይነካኩ። ሲቪላይዜሽን የተባለው ጌም ዲዛይነር ሲድ ሜየር እጥፍ አድርገው ወይም ግማሽ አድርገው የሚል ምክር አለው፤ አሥር ከመቶ የተለወጠ ነገር በአምስት ሰው ላይ አይታይም።

ሳንቲሙ። ኮስተር አንድ ጌም ሊያሟላቸው ይገባል ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ ሁለቱ እዚህ ይነካሉ፦ መውደቅ ዋጋ ሊኖረው ይገባል፤ የበሰለ ተጫዋችም ቀላሉን ሥራ እየደጋገመ ትርፍ ማግኘት የለበትም። መዝገብዎን ሲያዩ ሳንቲም ፍለጋ 3ኛውን ሌቭል አሥር ጊዜ የደገመ ሰው ቢያገኙ አይግረምዎት። ያ ሰው እየተጫወተ አይደለም፤ እየለቀመ ነው። ሳንቲሙ ለመጀመሪያ ማለፍ ብቻ ይሰጥ።

ስታር ዋርስ ጋላክሲስ ላይ የሆነው ይህንኑ በትልቁ ያሳያል። በዚያ ጌም ጄዳይ፣ የስታር ዋርስ ፊልሞች ባለ ልዩ ኃይል ተዋጊ፣ ሆኖ መጀመር አይቻልም ነበር፤ ጄዳይነት የሚከፈተው ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በተለየ፣ በተደበቀ የሙያዎች ዝርዝር በኩል ነበር። ሐሳቡ ሰው የተለያየ ሙያ እየሞከረ ሳያስበው እንዲደርስበት ነው። ቆይቶ ግን ሆሎክሮን የተባለው ዕቃ የትኛውን ሙያ መጨረስ እንዳለብህ ይናገር ጀመር። ያኔ ሐኪሙ ሕክምናውን፣ ልብስ ሰፊው ስፌቱን እየተወ የማይወደውን ሙያ ለማለፍ ሲል ብቻ ቀንና ሌሊት ይደጋግም ገባ። በጌሙ ጠጅ ቤቶች ውስጥ የደከሙትን ተዋጊዎች በጭፈራና በሙዚቃ የሚያድሱ ሰዎች ነበሩ፤ የዚያ ዓለም ለዛ እነሱ ነበሩ። አሁን ግን አጠገብህ የሚጨፍረው ሰው ጭፈራውን ወድዶት ይሁን ቆጥሮ ሊጨርሰው መለየት አቃተ። ሽልማቱ የጌሙን ትምህርት ተክቶት «ዝርዝሩን ጨርስ» የሚል አንድ ትምህርት ብቻ ቀረ።

በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ሥነ ልቦና አጥኚዎች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያሳዩትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆች «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ከተባሉ በኋላ፣ ሽልማቱ ሲቀር ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ሳሉ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። የየቀኑን ሽልማት ያንሱት ብዬ አልከራከርዎትም፤ ሰው ጌሙን እንዲከፍት ያደርጋል። ከከፈተው በኋላ የሚያቆየው ግን እሱ አይደለም።

ሐሳቡ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ እንደ ሃይማኖት አይያዙት። ጆተኒ ላይ ያንኑ ጠረጴዛ ለዓመታት የሚጫወቱ ልጆች፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያችኑ የእግር ኳስ ጌም የማይሰለቹ ሰዎች ምን እየተማሩ ነው? አንዱ መልስ ባላጋራው ራሱ የማያልቅ ሌቭል ነው የሚል ነው፤ እሱም እየተማረ ነውና። ግን ግማሹ ደስታ ስድቡና ሳቁ ነው፤ ያንን መማር ብሎ መጥራት ቃሉን መለጠጥ ይሆናል። ኮስተርም ይህን ያውቃል፤ በውበት መመሰጥን፣ የሰውነት ስሜትንና በሰው መካከል ያለውን የክብር ፉክክር ከጠባቡ «ደስታ» ይለያቸዋል። የጌም ዲዛይነሯ ኒኮል ላዛሮ በ2004 ደስታን በአራት ከፍላ የሰውን ደስታ ለብቻው አስቀምጣዋለች። የጌም ተመራማሪው ሪቻርድ ባርትል በ1996 ተጫዋቾችን ስኬት ፈላጊ፣ አሳሽ፣ ወዳጅ ፈላጊና ገዳይ ብሎ ለይቷል። የባርትል ክፍፍል ለብዙ ሰው ዓለም የተሠራ ስለሆነ ለብቻ ለሚጫወቱት አይሱዙ ብዙ አይጠቅምዎትም፤ የላዛሮ ግን ሌቭል 20 ላይ ሲደርሱ ይመልከቱት። ዕቃ ሲጫን የሚሰማው ድምፅ፣ ረዳቱ «ሂድ! ሂድ!» ሲል፣ እነዚህ የሚያስተምሩት ነገር የለም፤ ግን ያለ እነሱ ጌሙ ይደርቃል።

ሰውዬው ስለሄደበት መንገድ ለጠየቁት። ከኮስተር መንገድ ሊወሰድ የሚችለው የሥራ ማስረጃው ሰው የተጫወተበት ዓለም መሆኑ ነው፤ ዲግሪው አይደለም ያስቀጠረው። ንድፈ ሐሳቡ ደግሞ ከገበያ አላዳነውም። በ2006 ያቋቋመው ሜታፕሌስ፣ ማንም ሰው የራሱን ዓለም የሚሠራበት መድረክ፣ ጥር 1 ቀን 2010 ለሕዝብ ተዘጋ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ፕሌይደም ለተባለ የጌም ኩባንያ ተሸጠ። ስታር ዋርስ ጋላክሲስ በኅዳር 2005 ከሥር ተለውጦ ብዙ የቆዩ ተጫዋቾቹን አስቀየመ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 2011 ተዘጋ። እሱ ግን በ2024 ይፋ ባደረገው ስታርስ ሪች በተባለ ጌም ዓለሙን ከቁስ ጀምሮ በኮምፒውተር አስመስሎ ወደ መሥራት ተመልሷል፤ ያ የአልቲማ ተኩላ አሁንም አልለቀቀውም። ለቅጥር የሚያስቡ ከሆነ 60 ሌቭል ካለው ጌም ይልቅ ያለቀ 20 ሌቭል፣ ከነመዝገቡና «13ኛው ላይ ይህን አይቼ ይህን ቀየርኩ» ከሚል ሁለት ገጽ ጽሑፍ ጋር፣ ይበልጥ ይናገርልዎታል።

ለአሁኑ ሳምንት ግን 13ኛውን ብቻ ይሥሩ። ቀለም አይቀቡት፤ ሶፋው አራት ማዕዘን፣ በርሜሎቹ ሁለት ክብ ቢሆኑ ይበቃል። አምስት ሰው ፊት አስቀምጠው፣ ሶፋው በርሜሎቹን ሲገጭ ስክሪኑን ሳይሆን የሰውየውን ፊት ይዩ። «አሃ» ካለ 14ኛውን ይጀምሩ። ፊቱን አኮሳትሮ ያንኑ አቀማመጥ ከደገመ የበሩን አከፋፈት ቀስ አድርገው ያሳዩት፣ ከዚያ ሌሎች አምስት ሰዎች ይፈልጉ።